በጋ የሰጠውን ክረምት እንዳይወስደው፤ ከመከር በኋላ ስለ ሰብል ዘር ማሸጊያ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




ስለ ዘር በምንነጋገርባቸው ጉባኤዎች አብዛኛው ጊዜያችን የሚውለው በአዳዲስ ዝርያዎች፣ በዘር ብዜትና በስርጭት ላይ ነው። ዘሩ ታጭዶ፣ ተወቅቶና ተበጥሮ ጆንያ ውስጥ ከገባበት ዕለት ጀምሮ በማሳ ላይ እስከሚዘራበት ቀን ድረስ ስለሚያልፉት ወራት ግን የምንናገረው ጥቂት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የተሰበሰበ ዘር እስከ ሰኔና ሐምሌ ድረስ ከስድስት እስከ ስምንት ወር ይቆያል። ስለዚህም ብዙዎቹ ሰብሎቻችን በማሳ ላይ ከሚኖሩት ዕድሜ ይልቅ ዘራቸው በመጋዘንና በጎተራ የሚኖረው ዕድሜ ይበልጣል። ዛሬ እንዳቀርብ የተጠየቅሁትም ይህንኑ ጊዜ የሚመለከት ነው፤ ይኸውም ዘር ከመከር በኋላ በምን ዓይነት ማሸጊያ ቢቀመጥ የመብቀል ኃይሉን ሳያጣ ለመዝሪያው ወቅት ይደርሳል የሚለው ጥያቄ ነው።

መልሴን አስቀድሜ በአጭሩ ልናገር። ማሸጊያ የደረቀውን ዘር ደረቅነት ይጠብቃል እንጂ እርጥቡን ዘር አያደርቅም። የቱንም ያህል ዋጋ የወጣበት ከረጢት ቢሆን፣ በሚገባ ያልደረቀ ዘር ከታሸገበት ጠባቂነቱ ቀርቶ መቃብር ይሆናል። የቀረው ንግግሬ ሁሉ የዚህ ሐሳብ ማብራሪያ ነው።

እህልና ዘር

እህልና ዘር በመልክ አንድ ቢሆኑም በአያያዝ አንድ አይደሉም። ፅንሱ የሞተ ስንዴ ይፈጫል፣ ይጋገራል፣ ይበላል። ፅንሱ የሞተ ዘር ግን ስሙ ብቻ ነው ዘር። ነቀዝ ከበቆሎው ፍሬ ጥቂቱን ቢበላ ለወፍጮ የሚተርፈው ብዙ ነው፤ የበላው ፅንሱን ከሆነ ግን ለማሳ የሚተርፍ ነገር የለም። ሻጋታም ቢሆን በዓይን ከመታየቱ በፊት የዘሩን የመብቀል ኃይል ሊያዳክም ይችላል።

ከዚህ የሚከፋው ጉዳቱ የሚታወቅበት ጊዜ ነው። እህሉ የተበላሸበት ገበሬ ጎተራውን በከፈተ ዕለት ያውቀዋል። ዘሩ የሞተበት ገበሬ ግን የሚያውቀው መሬቱን ደጋግሞ አርሶ፣ ማዳበሪያውን በዱቤ ገዝቶና ዘርቶ፣ ቡቃያ ሲጠብቅ ሰንብቶ ማሳው ራቁቱን የቀረ ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ ዝናቡ አልፏል፤ ድጋሚ የሚዘራ ዘር ቢገኝ እንኳ ወቅቱ አይገኝም። ስለዚህ በዘር አቀማመጥ ላይ የሚፈጸም ስሕተት የአንድ ጆንያ ጉዳት ሳይሆን የአንድ ዓመት ጉዳት ነው።

ዘር የሚያረጀው በምንድን ነው?

ዘር ሕይወት ያለው ነገር እንደ መሆኑ ይተነፍሳል፣ ያረጃል፣ በመጨረሻም ይሞታል። እርጅናውን የሚያፋጥኑት ሁለት ዐበይት ነገሮች እርጥበትና ሙቀት ናቸው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ጄምስ ሃሪንግተን ያስቀመጧቸው ሁለት ቀላል ሕጎች በሙያችን ዘንድ የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው፣ የዘሩ እርጥበት በ1 በመቶ በቀነሰ ቁጥር የዘሩ ዕድሜ በእጥፍ ይጨምራል ይላል። ሁለተኛው፣ የመጋዘኑ ሙቀት በ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው እንዲሁ በእጥፍ ይጨምራል ይላል። እርጥበትን የሚመለከተው ሕግ የሚሠራው ከ5 እስከ 14 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ኤሊስና ሮበርትስ የተባሉት ሊቃውንት ከዚህ የጠራ ቀመር አውጥተዋል፤ ለዕለት ሥራችን ግን የሃሪንግተን ሕጎች ይበቃሉ።

እስቲ ሒሳቡን እናስላው። 14 በመቶ እርጥበት ያለውን ዘር አድርቀን ወደ 10 በመቶ ብናወርደው ዕድሜው አራት ጊዜ ይታጠፋል፤ ይኸውም 16 እጥፍ ይሆናል። ይህንኑ ውጤት በማቀዝቀዝ ለማግኘት የመጋዘኑን ሙቀት በ20 ዲግሪ መቀነስ ያስፈልጋል። ማቀዝቀዣው መሣሪያ፣ ኤሌክትሪክና ጠጋኝ ይፈልጋል፤ ማድረቁ ግን ፀሐይ፣ ሸራና ትጋት ብቻ ይበቁታል። ለእንደኛ ዓይነቱ አገር የቱ እንደሚቀድም ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የሚያሻ አይመስለኝም።

በጋና ክረምት

ዘር በዙሪያው ካለው አየር ጋር ዘወትር እርጥበት ይለዋወጣል። አየሩ ደረቅ ሲሆን ይሰጣል፣ አየሩ እርጥብ ሲሆን ይቀበላል። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 75 በመቶ አካባቢ ሲሆን የብርዕና የአገዳ ሰብሎች ዘር እርጥበት ውሎ አድሮ ወደ 14 ወይም 15 በመቶ ይደርሳል። አየሩ ወደ 40 በመቶ ሲወርድ ደግሞ ዘሩ 10 በመቶ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ይሆናል።

በአገራችን በታኅሣሥና በጥር የቀትሩ አየር በአብዛኛው አካባቢ እጅግ ደረቅ ነው። በዚያን ጊዜ ተሰጥቶ የሰነበተ ዘር ያለ ምንም ማድረቂያ መሣሪያ በሚገባ ይደርቃል። ነገር ግን ያ ዘር አየርና እርጥበት በሚያስገባ ጆንያ ሆኖ ቢቀመጥ የበልግ ዝናብ ሲጀምር እርጥበቱን መልሶ መውሰድ ይጀምራል፤ በሰኔ ይብስበታል። ነቀዝም የሚራባው፣ ሻጋታም የሚበረታው በዚሁ ወቅት ነው። ስለዚህ በጋ በነጻ የሰጠንን ደረቅነት ልክ ዘሩ ወደ ማሳ ሊወጣ በተቃረበበት ጊዜ እንነጠቃለን። ሳይሸጥ ቀርቶ ለሚመጣው ዓመት የሚያድር ዘር ከሆነ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ በዚያው ያሳልፋል። የማሸጊያ ዋናው አገልግሎት ይህን ንጥቂያ መከልከል ነው።

ከአባቶቻችን ልምድ የምናገኘው ትምህርት

አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ነገር በራሳቸው መንገድ ያውቁት ነበር። ለዘር የሚሆነው በቆሎና ማሽላ ከነራሱ ተመርጦ ከምድጃው በላይ ይሰቀላል፤ ጢሱ ተባዩን ያርቃል፣ ሙቀቱ ያደርቃል። የአትክልትና የቅመም ዘር በቅል ተደርጎ አፉ ይደፈናል። ዐመድ ከዘር ጋር ይቀላቀላል። ባቄላና ሽምብራ ደግሞ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ ይቀመጣል። ጤፍ ራሱን ነቀዝ ብዙም አይደፍረውም፤ ደቃቅ በመሆኑም (በ1 ግራም ውስጥ 3,000 ያህል ፍሬ ይገኛል) በትልልቆቹ ፍሬዎች መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ ተባዩን መተላለፊያ ያሳጣዋል።

ከሁሉም በላይ ትምህርት የሚሰጠን ግን የሐረርጌው የማሽላ ጉድጓድ ነው። በዚያ አካባቢ ገበሬው ማሽላውን መሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ያስቀምጣል፤ አፉም ተከድኖ በአፈር ይደፈናል። በጉድጓዱ ውስጥ ኦክሲጅኑ እየቀነሰ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ስለሚጨምር ነቀዝ እንደ ልቡ አይራባም። ዛሬ አየር የማያስገባ ከረጢት የምንለው ነገር የሚሠራው በዚሁ መርሕ ነው። ይሁን እንጂ ከግድግዳው አፈር እርጥበት ወደ እህሉ ይገባል፤ ሙቀትም አለው። ስለሆነም ማሽላው ለምግብነት ሲቆይ የመብቀል ኃይሉ ግን በፍጥነት ይጠፋል። ገበሬው ይህን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ለዘር የሚሆነውን ለይቶ በቤቱ ውስጥ ከመሬት በላይ ያስቀምጣል። አየር መከልከል ያለ ደረቅነት እህልን ሊያቆይ ይችል እንደ ሆነ እንጂ ዘርን እንደማያድን ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም። በላስቲክ ከረጢት ውስጥ የምንደግመው ስሕተት ካለ፣ ገበሬው በጉድጓዱ ላይ ቀድሞ የተረዳውን ስሕተት ነው።

የማሸጊያ ዓይነቶች

ማሸጊያዎችን እርጥበትና አየር በማሳለፍ ረገድ በሦስት ክፍል ልንመድባቸው እንችላለን።

የመጀመሪያው ክፍል እርጥበትም አየርም የሚያሳልፈው ነው። ኬሻ፣ የአቡጀዲ ከረጢት፣ ወረቀትና በተለምዶ የማዳበሪያ ጆንያ የምንለው ከፖሊፕሮፒሊን ክር የተሠራው ከረጢት በዚህ ይመደባሉ። ርካሾችና ለመሸከም የሚመቹ ናቸው፤ በሚገባ ያልደረቀ ዘርም በበጋ ወራት በውስጣቸው ሆኖ ጥቂት ሊደርቅ ይችላል። ነገር ግን ክረምትን አይከለክሉም፣ ነቀዝንም አያግዱም። በእነዚህ ለሚቀመጥ የብርዕና የአገዳ ሰብል ዘር እርጥበቱ ከ12 ወይም ከ13 በመቶ እንዳይበልጥ ይመከራል። ከአንድ ወቅት በላይ ለሚቆይ ዘርና ለቆላው መጋዘን ግን አስተማማኝ አይደሉም።

ሁለተኛው ክፍል እርጥበትንም አየርንም በእጅጉ የሚገታው ነው። ወፍራም የፖሊኢትሊን ላስቲክ፣ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ጀሪካንና የብረት ጎተራ በዚህ ይመደባሉ። ከእነዚህ መካከል በአፍሪካ በሰፊው የተሠራጨው ባለ ሦስት ድርቡ ከረጢት ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1987 የፐርድዩ ዩኒቨርሲቲው ላሪ መርዶክና ባልደረቦቻቸው በካሜሩን የአተር ዓይነት የሆነውን የላም አተር ከነቀዝ ለማዳን የጀመሩት ሥራ ነው። ከረጢቱ እያንዳንዳቸው 80 ማይክሮን ውፍረት ያላቸው ሁለት የፖሊኢትሊን ላስቲኮች በአንድ የማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ተደርበው የሚሠሩበት ነው፤ ላስቲኮቹ አየሩን ሲከለክሉ ጆንያው ሸክሙን ይችላል።

አሠራሩን መረዳት ተገቢ ነው። ነቀዝ ብዙ ጊዜ ከዘሩ ጋር ከማሳ ይመጣል። የበቆሎ ነቀዝ ፍሬውን ቀድዳ ዕንቁላሏን በውስጡ ስለምትጥልና ቀዳዳውን ስለምትደፍነው፣ ንጹሕ የሚመስለው ዘር ተባይ አዝሎ ሊገኝ ይችላል። ከረጢቱ ሲታሰር በውስጡ ያሉት ተባዮች ሲተነፍሱ ኦክሲጅኑ ከ21 በመቶ እየወረደ ከ5 በመቶ በታች ይደርሳል። ተባዮቹም መብላት ያቆማሉ። ነቀዝ ለሕይወቱ የሚያሻውን ውኃ በአብዛኛው የሚያገኘው የበላውን በኦክሲጅን አቃጥሎ በመሆኑ፣ ኦክሲጅን ሲያጣ ውኃም ያጣል፤ በመጨረሻም ደርቆ ይሞታል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ያለ አንዳች መድኃኒት ነው። ቤተሰብ በሚያድርበት ቤት ውስጥ የአሉሚኒየም ፎስፋይድ እንክብል ማስቀመጥ ምን ያህል ለሕይወት አስጊ እንደ ሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ይህን አደጋ ማስቀረቱ ብቻውን ከረጢቱን የሚያስመሰግን ነው።

ሆኖም ዘሩ እርጥብ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። ኦክሲጅኑን የሚጨርሱት ዘሩ ራሱና ሻጋታው ይሆናሉ፤ እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ዘሩ ይታፈናል፤ ከረጢቱ ሲከፈትም የጠላ ድፍድፍ የመሰለ ሽታ ይወጣል። ያ ዘር ሞቷል። ስለዚህ ያልደረቀን ዘር በላስቲክ ከማፈን ይልቅ በኬሻ አቆይቶ ፀሐይ ሲገኝ መልሶ ማስጣት ይሻላል።

ሦስተኛው ክፍል እርጥበትና አየር ፈጽሞ የማያሳልፈው ነው፤ የታሸገ ቆርቆሮ፣ ጠርሙስ፣ እንዲሁም አሉሚኒየም ከፕላስቲክ ጋር ተደራርቦ የሚሠራው ከረጢት በዚህ ይመደባሉ። ዋጋቸው ከፍ ስለሚል የሚስማሙት ለውድና ለጥቂት ዘር ነው። የአትክልት ዘር፣ በተለይም በተራ አቀማመጥ በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ የመብቀል ኃይሉን የሚያጣው የቀይ ሽንኩርት ዘር፣ ከዚህ ባነሰ ማሸጊያ ቢሸጥ ገበሬውን ለኪሳራ ይዳርጋል። እ.ኤ.አ. በ1976 በኢትዮጵያና በጀርመን ፌዴራላዊ ሪፐብሊክ ስምምነት የተቋቋመው የዕፅዋት ዘረ መል ማዕከል፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የያዘው የዘር ባንክ፣ ዘሩን እርጥበቱ ከ3 እስከ 7 በመቶ እስኪሆን አድርቆ በአሉሚኒየም ከረጢት ካሸገ በኋላ ከዜሮ በታች በ10 ዲግሪ ያስቀምጣል። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል፤ መጀመሪያ ማድረቅ፣ ቀጥሎ ማሸግ፣ በመጨረሻ ማቀዝቀዝ።

ማሸጊያው እየጠበቀ በሄደ ቁጥር ከዘሩ የሚፈለገው ደረቅነትም ይጨምራል። የህንድ የዘር ማረጋገጫ ደንብ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ለስንዴና ለበቆሎ ዘር በተራ ከረጢት እስከ 12 በመቶ ሲፈቅድ፣ እርጥበት በማያሳልፍ ማሸጊያ ግን ከ8 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል። ጥብቅ ማሸጊያ ጥብቅ ማድረቅን ይጠይቃል።

ማድረቅና ማረጋገጥ

ዘር በባዶ መሬት ላይ ሳይሆን በሸራ ላይ በስሱ ተሰጥቶ ቶሎ ቶሎ መገላበጥ አለበት። የዘሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እንዳይወጣ መጠንቀቅ ያሻል፤ ገና እርጥብ የሆነ ዘር ደግሞ ከዚህ ባነሰ ሙቀት ይጎዳል። ከፀሐይ እንደ ተነሣ ትኩሱን ማሸግም አይገባም፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ በላስቲኩ ውስጥ ጤዛ ይፈጥራልና።

መድረቁን በጥርስ መሞከር የቆየ ልምድ ነው፤ ለማሸግ ግን አይበቃም። ከዚህ የተሻለው ቀላል ሙከራ የጨውና የጠርሙስ ነው። በደረቅ ጠርሙስ ጥቂት ዘርና አንድ ማንኪያ ደረቅ ጨው ተጨምሮ ተከድኖ ይናጣል፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ የዘሩ እርጥበት ከ15 በመቶ በላይ ነው። ይሁን እንጂ ጨው አልተጣበቀም ማለት ለማሸግ ደርሷል ማለት እንዳልሆነ ለገበሬው ማስረዳት አለብን። ለዚያ የሚሻለው ትንሽ የአየር እርጥበት መለኪያ ወይም በእርጥበት ቀለሙ የሚለወጥ ካርድ ከዘሩ ጋር በአንድ ዝግ ዕቃ ለጥቂት ሰዓታት አስቀምጦ ማንበብ ነው። ከ65 በመቶ በታች ከሆነ የሻጋታ ስጋት ይቀንሳል፤ ዘርን አሽጎ ለማቆየት ግን ወደ 40 በመቶ መቃረብ ይገባል።

በጋው በማይደርቅባቸው አካባቢዎች፣ እንዲሁም በዝናብ ለሚሰበሰብ ዘር፣ እርጥበት የሚመጥጡ የዜኦላይት ጠጠሮች ጥሩ አማራጭ ሆነዋል። ከዘሩ ጋር በዝግ ዕቃ ሲቀመጡ የክብደታቸውን 20 በመቶ ያህል ውኃ ይወስዳሉ፤ በምድጃ በከፍተኛ ሙቀት ሲደርቁም ደጋግመው ያገለግላሉ። ዋጋቸው ግን ከእህል ይልቅ ለአትክልት ዘር የሚመጥን ነው።

ማሸግ የማይገባው

እያንዳንዱን ዘር አድርቀን እንሽገው ማለት አይደለም። የቡና ዘር እንደ ስንዴ እስከ መጨረሻው መድረቅንና ቅዝቃዜን አይታገሥም፤ በጅማ አካባቢ በጮጬ የቡና ሀብታችን በመጋዘን ሳይሆን በቁም ተክልነት የሚጠበቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። የማንጎና የአቮካዶ ፍሬ ከደረቀ ይሞታል። የድንች ዘር በላስቲክ ቢታሸግ ይበሰብሳል፤ እርሱ የሚፈልገው አየርና ለስላሳ ብርሃን ነው። ቦሎቄና አኩሪ አተርም ከልክ በላይ ከደረቁ በአያያዝ ጊዜ ይሰነጠቃሉ፤ ስለዚህ በጥንቃቄ መያዝ አለባቸው።

ከእኛ የሚጠበቀው

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ ከላይ ከተባለው ተነሥቼ ለማኅበራችን አባላት አራት ሐሳቦችን አቀርባለሁ።

1ኛ. ከረጢት የሚያስተዋውቅ ማንኛውም ሥልጠና ማድረቅንና እርጥበት መለካትን አስቀድሞ ያስተምር። ከረጢት አድሎ መለኪያ አለመስጠት ቁልፉን ያዙ፣ በሩን ግን አናሳያችሁም እንደ ማለት ነው።

2ኛ. የገበሬው ዘር ብዙ አይደለም። ለአንድ ሄክታር 25 ኪሎ የሚሆን የበቆሎ ዘር ይበቃል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ደግሞ ወደ 15 ኪሎ የሚጠጋ እህል ይይዛል። መቶ ኪሎ የሚይዘውን ከረጢት ለእህሉ ትተን፣ ለዘሩ ንጹሕ የዘይት ጀሪካን እስከ አፉ ሞልቶ መክደንን እናስተምር። ኬሚካል የነበረበት ዕቃ ግን ፈጽሞ አይነካ።

3ኛ. በማንኛውም የዘር ማሸጊያ ላይ የዝርያው ስም፣ የታሸገበት ቀን፣ ሲታሸግ የነበረው እርጥበትና የብቅለት መጠን ይጻፍ። ቀን የሌለው ከረጢት ዕድሜው የማይታወቅ ዘር ነው።

4ኛ. ከመዝሪያው ወቅት አንድ ወር በፊት 100 ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ የብቅለት ሙከራ ማድረግ በየቀበሌው ልማድ ይሁን። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ በግንቦት የታወቀ ጉድለት መድኃኒት አለው፤ በሐምሌ የታወቀው ግን የለውም። ከረጢቶቹም በድጋሚ ከመዋላቸው በፊት አየር ተሞልተው ቀዳዳ እንዳላቸው ይፈተሹ፤ አይጥና ነቀዝ የበሳውን ላስቲክ ማሰር ከንቱ ድካም ነው።

የምርምር ጣቢያዎቻችን ዝርያ ለማውጣት ብዙ ዓመት ይደክማሉ፤ አባዢው አንድ ዓመት ሙሉ ያባዛል፤ ያ ሁሉ ድካም በአንድ ክረምት እርጥበት ሊጠፋ ይችላል። በጋ ደረቅነትን ያለ ዋጋ ይሰጠናል። እኛ የምንጨምርበት ያን ስጦታ አሽጎ እስከ ሰኔ ማድረስን ብቻ ነው።